ጠፋ እንጂ አልተሰረቀም

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ አዳማ

ይህን ደብተር ያስገዛሁት ለማስረጃ ነው። ልጄ ኤቢሴ "ደራ ብቻሽን ሆነሽ ሌባ ይዘርፍሻል፣ እኛ ጋ አዳማ ኑሪ" ትላለች። እኔ ደግሞ ሌባ ያለው እዚሁ አዳማ ነው እላለሁ። ሁለታችንም እልኸኞች ነን። በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ግንቦት መጨረሻ እዚህ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ በሌባ ደራ ከአዳማ የማይብስ ሆኖ ከተገኘ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የሚብስ ከሆነ ቤቱ ይሸጣል። አንድ የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ነጋዴ ለመጋዘን ፈልጎታል። ሁለት ጊዜ መጥቶ በእርምጃ ለክቶታል። የማናሴን ክፍልም ለክቷል።

ማናሴ የመጨረሻ ልጄ ነው። መስከረም 20 ቀን ወባ ወሰደብኝ፤ በሦስት ቀን። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ይህ ደብተር የሌባ ነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ እጄ ቀርፋፋ ነው። ፊደሌ ግን ይነበባል።

አዳማ፦ የለም። ደራ፦ የለም።

የካቲት 5

የምንኖርበት ግቢ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ዘጠኝ ተከራይ አለበት። የግቢው ሰው የትኛው እንደሆነ፣ እንግዳው የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም። ሁሉም "ደህና አደሩ" ይለኛል፣ እኔም ሁሉንም እመርቃለሁ።

ግድግዳ የምንጋራው ከከሪማ ጋር ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። በመጣሁ ዕለት ምክር ሰጠችኝ።

"እትዬ ዘርፉ፣ ቦርሳ ወደ ፊት። ስልክ ደረት ውስጥ። ሰው ሰዓት ከጠየቀዎት የለኝም ብለው ይለፉ።"

"ሰዓት እኮ በእርግጥም የለኝም።"

"እንግዲያው እርስዎ ውሸትም አያስፈልግዎትም።"

የካቲት 9፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ በር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። አንድ ሰው ገብቶ ከገመዱ ላይ ልብስ ማውረድ ጀመረ። ረጋ ያለ ጨዋ ሰው ነው። እያንዳንዱን በእጁ ይዳስስና አውርዶ በሥርዓት ያጣጥፈዋል። እንዲህ ያለ ባል ያገኘች ሴት የታደለች ናት ብዬ አሰብኩ። ሰማያዊውን ሱሪ ሲነካ፣

"ልጄ፣ እሱ ገና አልደረቀም" አልኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" ብሎ ተወው።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሪማ ወጥታ ጮኸች። የአራት ቤት ልብስ ሄዷል። የቀረው ሰማያዊው ሱሪ ብቻ ነው። እሱም የገርባ ነው። ገርባ የኤቢሴ ባል ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ሳቅ አይጠፋውም። "እማማ ባይኖሩ ኖሮ ነገ ሥራ በቁምጣ ነበር የምወጣው" ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ከሪማ አልሳቀችም። "እትዬ፣ ካውያ ሳያቀብሉት ቀሩ?" አለችኝ።

አዳማ፦ 1። (ልብሱ ብዙ ነው፤ ሌባው ግን አንድ ስለሆነ አንድ አልኩ። ሚዛን ላጭበረብር አልፈልግም።) ደራ፦ የለም።

የካቲት 14

መናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ወጣት ሲያስነጥስ ትከሻዬ ላይ ምራቁ አረፈብኝ። የማናሴ እኩያ ይሆናል። ደነገጠ። "ይቅርታ እናቴ፣ አፈር ልብላ" እያለ በሶፍት ጠረገኝ። ትከሻዬን ጠረገ፣ ክንዴን ጠረገ። ነጠላዬን ገልብጦ አራግፎ መልሶ አለበሰኝ። ጫፉን ሳይቀር አስተካከለልኝ። ከመስከረም ወዲህ ሰው ሁሉ ከሩቅ ነው የሚያናግረኝ። "ዕድሜህን ያርዝመው" አልኩት።

ቤት ስገባ ቦርሳዬ የለም።

ከሪማ ነገሩን ገና ሳልጨርስ ገባት።

"ቆይ፣ ምን ብለው ሸኙት?"

"መረቅኩት።"

"በምን?"

"በረጅም ዕድሜ።"

"ያ ረቢ! ገና ስንት ዘመን ሊሰርቀን ነው!"

ቦርሳው ውስጥ የነበረው ማበጠሪያ፣ የመድኃኒት ወረቀትና ለታክሲ የያዝኩት ብር ነው። ምርቃቴን መልሼ ልውሰድ ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ይኑር።

አዳማ፦ 2። ደራ፦ የለም።

የካቲት 22

በጥድፊያ። የገርባ ባጃጅ ስፖኪዮ ተነቀለ። ሄዶ ሌላ ገዛ። ሊገጥመው ሲያገላብጠው ከጀርባው ራሱ የለጠፈው የቡና ክለብ ስቲከር አለ። የራሱን ነው የገዛው።

"ምነው፣ አይተህ አትገዛም?" ብትለው ኤቢሴ፣

"አይቼ ነው እንጂ። 'በልክህ ነው' አሉኝ" አላት።

አዳማ፦ 3።

የካቲት 26

ግድግዳው ስስ ነው። ኤቢሴ ለገርባ ስትነግረው ሰማሁ፦ "እኔ የምፈራው ሌባ አይደለም።"

ታዲያ ምንድን ነው? ጅብ ከሆነ ጅቡ ደራ ላይ ቀንሷል። ነገ እነግራታለሁ።

ከግቢው ከአንዱ ቤት የሚያስል ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ ያስላል። ሄጄ በሩን አንኳኩቼ "ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ዛሬውኑ ሂድ፣ ሎሚ ምንም አያደርግልህም" አልኩት። የማላውቀው ሰው ነው። እሺ አለኝ። እኔ ለማናሴ ሁለት ቀን ሙሉ ሎሚ ነበር ያጠጣሁት።

ይህ ደብተር የሌባ ነው።

መጋቢት 2

ቤት ቀየርን። ገርባና ኤቢሴ ከከተማው ዳር፣ ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ በኩል ያሠሩት ቤት አለቀ። ከሪማ ስትሰናበተኝ አለቀሰች። ለገርባም "ሱሪህን ገመድ ላይ እንዳትረሳ" አለችው።

እዚህ ሁሉም ነገር ግንብ ነው። ግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አለ። ከስባሪው በላይ እሾህ ሽቦ አለ። ሰው አይታይም። እስካሁን ያናገረኝ ውሻ ብቻ ነው።

ከሰዓት አቶ ጂብሪል የሚባሉ ሰው መጡ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። የመንደሩ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆኑ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ።

"እትዬ፣ ፀጉረ ልውጥ ሰው ካዩ ወዲያው ያመልክቱ።"

"እዚህ ምን ምን ተሰርቆ ያውቃል?" አልኳቸው፤ ለደብተሬ ነው።

"እስካሁን ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም። ይኸው ነው የሚያስፈራው።"

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ይሰማል፣ መንገዱ ግን አይታወቅም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቼ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። በዚያውም ጎረቤቶቼን ደህና አደራችሁ ልበል ብዬ ስድስት በር አንኳኳሁ። የከፈተልኝ የለም። በአንዱ በር ስንጥቅ ባይ ከውስጥ ዓይን አየሁ። ዓይኑም እኔን አየኝ። ሁለታችንም ዘለልን።

መጋቢት 8

እዚህ ያሉ ሰዎች የሚተዋወቁት በቴሌግራም ነው። ገርባ ቁርስ ላይ አነበበልን። "ነጭ የለበሰች ፀጉረ ልውጥ ሴት በማለዳ በየበሩ እያንኳኳች ሰው መኖር አለመኖሩን ስትሰልል ታይታለች። እንጠንቀቅ።"

"አየሽ?" አልኳት ኤቢሴን። "እዚህም አለ።"

ዘነዘናውን ከበሩ ሥር አስጠጋሁት።

መጋቢት 9

ገና ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊሽካው ተነፋ። "ታየች!" ተባለ። ሰው ሁሉ ወጣ። ጎረቤቶቼን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው። እኔም ዘነዘናዬን ይዤ ወጣሁ። አንዲት ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ "እማማ፣ እርስዎ ይመለሱ፣ አደገኛ ናት አሉ" አለችኝ። "ልጄ፣ ብቻሽን አልተውሽም" አልኳት። እስከ ሁለት ሰዓት ፈለግን። አላገኘናትም። ፈጣን ሴት መሆን አለባት።

መጋቢት 11

ገርባ ሌላ መልእክት አነበበ። "አጠር ያለች ናት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ታጣፋለች። ግራ እግሯን ጎተት ታደርጋለች።"

ገርባ ስልኩን አየ። እግሬን አየ። እንደገና ስልኩን አየ።

እኔ እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።

መጋቢት 12

አቶ ጂብሪል ራሳቸው መጡ። ተቀምጠው ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አወለቁ።

"እትዬ፣ ዘነዘናው ለማን ነበር?"

"ለእኔ ሳይሆን አይቀርም" አልኩ።

ማምሻውን መልእክቱ ወጣ፦ "ተፈላጊዋ የአቶ ገርባ አማት ሆነው ተገኝተዋል። ፍለጋው ተቋርጧል።" ከዚያ ቀጥሎ ሌላ መልእክት መጣ። ሁላችንም ለፍለጋ ስንወጣ የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወስዷል።

የከተማው ዳር፦ 1። ወደ አዳማ ልደምረው ወይስ ለብቻው ልጻፈው የሚለውን ኤቢሴን ጠየቅኳት። ስትስቅ ቆይታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። በሳቅ ነው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ መንፈቁ ነው። ኤቢሴ ለአዲስ ሥራ ሥልጠና ላይ ስለሆነች ብቻዬን ደራ ሄጄ መጣሁ። ፍትሐት ተደረገ። ካህኑ ስሙን ሲጠሩ ከኋላዬ ያለ ይመስል ዞር አልኩ።

ወደ ቤት ሄድኩ። የማናሴ ክፍል ጓጉንቸር ተገንጥሏል። የመድኃኒት መርጫው የለም፣ ሽንኩርት የሚረጭበት። ቦቲ ጫማውም የለም። ሁለት ዶማም የለም። ብርድ ልብሱ አለ።

ምናልባት አውሶት ይሆናል። ሲያውስ አይነግረኝም ነበር።

ጎረቤቴ ኦቦ ጫምሳ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ባሌ ከሞተ ጀምሮ እንደ ወንድም ናቸው። በሩን አዩ።

"ጠፋ?" አሉ።

"ጠፋ" አልኩ።

"ያገኘ ሰው ይመልሰዋል።"

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው። ተሰረቀ ካልሽ ማን ሰረቀ ይመጣል። ማን ካልሽ ስም ይመጣል። ስሙ ደግሞ ነገ በልቅሶ፣ ከነገ ወዲያ በሠርግ አጠገብሽ ይቀመጣል። ጠፋ ካልሽ ግን የጠፋ ነገር ሊገኝ ይችላል። አንድ ቀን ጠዋት አጥር ሥር ይገኛል፣ ማንም አላየም።

ወደ መኪና ስሄድ ጎረቤታችን ቶሌራን ከማሳው ላይ አየሁት። ጀርባው ላይ መርጫ አዝሏል። ማንገቻው በቀይ ጨርቅ የተጠገነ ነው። ማናሴ ያንገበግበኛል ሲል የእሱን ማንገቻ በቀይ ጨርቅ የጠገንኩለት እኔ ነኝ። ግን በቀይ ጨርቅ የሚጠግን ሰው ብዙ ነው።

"አካም ጅርታ፣ አዴ ዘርፉ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። ቀና አላለም።

"ነጋዳ፣ ደህና ነኝ" አልኩት።

ስመለስ ኤቢሴ "ቤቱ እንዴት ነው?" አለችኝ። "ደህና ነው፣ አቧራ ብቻ ነው" አልኳት።

ደራ፦ የለም። ጠፋ እንጂ አልተሰረቀም።

መጋቢት 21

የትናንቱን ደግሜ አነበብኩት። ሚዛን አላጭበረብርም ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። ገርባ ዶሮዋን ሊያርድ ሲል ግንቡን ዘላ ወደ ጎረቤት ገባች። አቶ ጂብሪል ይዘዋት መጥተው "ይህችም የቤተሰብ አባል ናት?" አሉ።

የኤቢሴ አዲሱ ሥራ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አንድ የጥናት ድርጅት ሌባ ሰውን ምን እንደሚያደርገው በከተማ፣ በከተማ ዳርና በገጠር ያጠናል። እሷ ታብሌት ይዛ ቤት ለቤት ትጠይቃለች። እኔ በደብተር የማደርገውን ማለት ነው፤ ለእሷ ግን ደመወዝ አለው።

"በቃ የኛም ነገር በዚህ ይወሰን" አለችኝ። "የጥናቱን ቁጥር እናያለን።"

እሺ አልኳት። ምን እላታለሁ?

ሚያዝያ 25

ኤቢሴ የድሮ ግቢያችን ደርሷት ከሪማን ጠየቀቻት። ከሪማ በአንድ ዓመት የተሰረቀችውን ስትቆጥር ግማሽ ቀን ፈጀ። አሥራ አራት። ይፈራሉ ወይ ስትባል "ለምን እፈራለሁ፣ ሱቄን ልዝጋ እንዴ?" አለች።

አቶ ጂብሪል ደግሞ ምንም ተሰርቀው አያውቁም። ቆርቆሮው የኮሚቴው ነው። ይፈራሉ ወይ ስትባል ጥያቄው ሳያልቅ "በጣም" አሉ። ከዚያ "ከበጣም በላይ የለውም?" ብለው ጠየቁ።

የተሰረቀው አይፈራም፣ ያልተሰረቀው ይፈራል። እኔ የትኛው ነኝ?

ግንቦት 7

ነገ የጥናቱ ሰዎች ደራ ናቸው። ኤቢሴ "ኦሮምኛዬ የከተማ ነው፣ ሰዉንም አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ነይና ምሪኝ" አለችኝ። ቤታችንን ታየዋለች። ጓጉንቸሩን ታየዋለች።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቦርሳዬን አዘጋጀሁ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ ደራ

የምናድረው ከቤቴ ራቅ ብሎ የኤቢሴ የክፍል ጓደኛ ዘንድ ነው። ቤታችን ነገ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ። አቧራ አለ ብዬ።

ዛሬ ሰባት ቤት ጠየቀች። "ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የተሰረቀብዎት ነገር አለ?" ሁሉም "ተመስገን፣ የለም" አሉ። ኦቦ ጫምሳ ጋ ስንደርስ እንዲያውም ተቆጡ።

"እዚህ ሌባ የለም። እዚህ ያለው ጎረቤት ነው።"

ኦቦ ጫምሳ ባለፈው ዓመት አንድ በሬና የውሃ ሞተር አጥተዋል። አውቃለሁ፤ በሬው የጠፋ ዕለት እንጀራ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰባት ቤት፣ ሰባት ባዶ። ኤቢሴ ታብሌቷን እያየች "የሚገርም ነው" አለች። "እንግዲህ አሸነፍሽኝ እማዬ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እራቴን አልበላሁም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ደራ

ዛሬ በረጅሙ እጽፋለሁ፤ ጊዜ አለኝ።

ኤቢሴ በየአምስት ቤቱ ነው የምትቆጥረው። ቆጥራ ቆጥራ የኛ በር ላይ ቆመች።

"ዝግ ቤት ነው፣ ይዘለላል" አለች።

"ምኑ ነው ዝግ?" ብዬ ከፈትኩት።

"እማዬ፣ ቤተሰብ አልጠይቅም።"

"በር ከፍቼ ቆሜያለሁ። የማን ቤተሰብ እንደሆንኩ ታብሌቱ በምን ያውቃል?"

ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋ ሥራ የበዛበት ሰው መሰለኝ። "ሰው ካለ ጠይቂ፣ ግን እንደ ማንኛውም ሰው" አላት። እሷም ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንደምን ዋሉ? ስሜ ኤቢሴ ይባላል።"

ልጄ አንቱ አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?"

"ሁለት" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ለሃያ ሰባት ዓመት አፌ የለመደው እሱን ጨምሮ መቁጠር ነው።

ኤቢሴ ጣቷን ከታብሌቱ አነሳች። "በኋላ እንመለስበታለን" ብላ ባዶ ተወችው።

"ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከዚህ ቤት የተሰረቀብዎት ነገር አለ?"

የማናሴ ክፍል ከጀርባዋ ነበር። ዞር ብትል ታየዋለች። አልዞረችም። የለም ብል ቤቴ ለእኔ ይቀራል። ውሃ ጠጣሁ።

"አለ" አልኩ። "መርጫ። ቦቲ ጫማ። ሁለት ዶማ። መጋቢት ላይ ነው ያወቅኩት። ደህና ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

ጻፈች። እጇ እንደኔ ቀርፋፋ ሆነ።

"ማን እንደወሰደው ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ለፖሊስ አመልክተዋል?"

"አላመለከትኩም።"

"ምክንያትዎ? አንድ፣ ዕቃው ብዙ ዋጋ የለውም። ሁለት፣ ፖሊስ ምንም አያደርግም። ሦስት፣ በቀል ፈርተው። አራት፣ ሌላ።"

"ሌላ።"

"ይግለጹ።"

"ማናሴን የቀበርን ዕለት መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው። ቦታው ድንጋይ ነበር። ሌሎቹ ሲቀያየሩ እሱ አልወጣም። ሲጨርስ መዳፉ ተልጦ ነበር፤ ቅቤ የቀባሁለት እኔ ነኝ። ሽንኩርቱን ትል እየበላበት ነበር፣ መርጫ የለውም። ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር። የማናሴን ነገር ስጪኝ ብሎ ሊጠይቀኝ አልቻለም። መስረቅ ቀለለው።"

"ታብሌቱ ከሠላሳ ፊደል በላይ አይቀበልም" አለች ኤቢሴ። "ጎረቤት ነው" ብላ ጻፈች።

"ማታ በቤትዎ ብቻዎን ሲሆኑ ምን ያህል ይፈራሉ? በጣም፣ በመጠኑ፣ ወይስ ምንም?"

"ሌባ ነው?"

"ጥያቄው ሌባ አይልም።"

ያን ጊዜ ነው ያ በስስ ግድግዳ የሰማሁት ነገር የገባኝ። እሷ የፈራችው ጅብም አልነበረም፤ ከሐዘኔ ጋር ብቻዬን ማደሬን ነው።

"ኤቢሴ" አልኳት፣ "የምትፈሪውን ነገር እኔ አዳማም ፈርቼዋለሁ። ከከሪማ ግድግዳ ሥር ፈርቼዋለሁ። ያን ሁሉ ጠርሙስና እሾህ ሽቦ አልፎ ገብቷል። እዚህ ግን ስፈራ የት ሄጄ እንደምቀመጥ አውቃለሁ። በመጠኑ ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈች። ጥያቄው አለቀ። ላኪ የሚለውን ብትነካ አልሄደም። ደግማ ነካች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ያልተሞላ ጥያቄ አለ።

የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም አየነው።

"እንለፈው ብል እምቢ ይላል" አለች። "ለአለቃዬ ልደውልና..."

"አትደውዪ።"

"እማዬ..."

"አንቱ በይኝ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተብለሻል።"

አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?"

"አንድ" አልኩ።

ወዲያው ሄደ። ኔትወርክ እንኳ አላስቸገረም።

ከዚያ ተነሳች። ቀሪ ቤቶች ነበሩባት። "ሰባቱ ቤት ውሸት ነው ማለት ነው?" አለችኝ።

"ውሸት አይደለም። ጥያቄሽ ነው ጥፋተኛው። ምን ተሰረቀ ብለሽ አትጠይቂ። ምን ጠፋ በዪ።"

ኦቦ ጫምሳ ጋ ተመለስን። "ኦቦ፣ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የጠፋብዎት ነገር አለ?" አለቻቸው።

"ጠፋ?" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "እንዲህ ብለሽ ጠይቂኛ! ተቀመጪ። አንድ በሬ። አንድ የውሃ ሞተር። ሁለት በግ፣ አይ፣ አንዷን አግኝቻታለሁ። ደግሞ የበሩ ማጠፊያ፤ በሩ አለ፣ ማጠፊያው ነው የሄደው። አንቺ፣ ወተት አምጪላት፣ ይህ ነገር ረጅም ነው!"

ሰባቱን ቤት ደገምነው። አንዱ ቤት አጥር፣ አንዱ ቤት ሦስት ፍየል፣ አንዱ ቤት የተዘራ ድንች ከነአፈሩ። ኤቢሴ ባትሪዋ እስኪያልቅ ጻፈች። ስንደምረው ደራ አዳማን በሰፊው በለጠች። በውላችን መሠረት ተሸነፍኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአዳማ መኪና መጣ። ኤቢሴ ተሳፈረች። የኔን ቦርሳ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁትም። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

"ለሽንኩርት ነጋዴው ምን ልበለው?"

"ሰው አለበት በይው።"